የአሮጌ ኪቦርዶቻችን ድምፅ በአንዲት ባትሪ ላይ ተንጠልጥሏል

ሐዋሳ ውስጥ የቆየ ባንድ ቤት ገብታችሁ ከሆነ አይታችሁት ይሆናል። አቧራ የጠጣ የሙዚቃ ኪቦርድ፣ ያማሃ ዲኤክስ7፣ ወይም ሮላንድ ዲ-50፣ ወይም ኮርግ ኤም1 ከስፒከር ጀርባ ቆሞ። ባለቤቱን ብትጠይቁት "ይሠራል፣ ግን ድምፁ አይስተካከልም" ይላችኋል። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ "ገዢ ካለ እሰጠዋለሁ" ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። በውስጡ የተቀመጠው ድምፅ፣ ማለትም ተጫዋቹ እየመረጠ የሚጫወትበት የድምፅ ቅንብር፣ ወደ ኮምፒውተር ሳይወጣ ማንም ሰው እነዚህን ኪቦርዶች አይሽጥ፣ አይጣል። ድምፁን የሚያወጣም፣ የሚያስተካክልም ሶፍትዌር አለ። ደህና ደህናው ደግሞ ነፃ ነው።

"አይስተካከልም" የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲኤክስ7 የወጣው በ1983 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ስክሪኑ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በአንድ መስመር 16 ፊደል። አንዱ ድምፅ ግን ስሙን ሳይጨምር 145 ቅንብር አለው። ድምፁን የሚሠሩት ኦፕሬተር የሚባሉ ስድስት የድምፅ ሞገድ አመንጪዎች ናቸው። እያንዳንዱ ኦፕሬተር ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት እንደሚከስም የሚወስኑ አራት ፍጥነቶችና አራት ከፍታዎች አሉት። ለዚህ ብቻ 48 ቁጥር ማለት ነው። ያንን ሁሉ በዚያች ጠባብ መስኮት አንድ በአንድ እያዩ መቀየር ያታክታል። ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ከፋብሪካ በመጣው ድምፅ ተጫውቶ አለፈ።

ኮምፒውተር ሲገባበት ነገሩ ይለወጣል። በዚያው በ1983 የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት፣ ሚዲ የሚባለው የጋራ ቋንቋ ይፋ ሆነ። ሚዲ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ሲስኤክስ የሚባል የመልእክት ዓይነትም አለው። በእሱ በኩል ፋብሪካው ለራሱ መሣሪያ ብቻ የሚገባ መልእክት መላክ ይችላል። የዲኤክስ7 32 ድምፆች በሙሉ ሲላኩ 4104 ባይት ናቸው። ስልካችሁ ላይ ካለች አንዲት ፎቶ እጅግ ያነሰ ነው። ለመተላለፍ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይበቃል። መብራት ቢቆራረጥ እንኳ ይህን ያህል አያሰጋም።

ፒያሳ አካባቢ ስቱዲዮ ያለው ወዳጄ ጋ ይህን ሲሠራ ተቀምጬ አይቻለሁ። የፈለገው ክራር የሚመስል ድምፅ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የከፈተው ኤዲተር (የድምፅ ማስተካከያው ሶፍትዌር) ስድስቱን ኦፕሬተሮች በአንድ ገጽ ዘረጋለት። ከፋብሪካው ድምፆች አንዱን፣ ጊታር የሚመስለውን፣ መነሻ አደረገ። ኤፍኤም በሚባለው የዲኤክስ7 የድምፅ አሠራር አንዱ ኦፕሬተር ሌላውን ያንቀጠቅጠዋል። የሚያንቀጠቅጠው ከፍ ሲል ድምፁ ይሾላል፣ ዝቅ ሲል ይለዝባል። ወዳጄ የዚያን ኦፕሬተር መስመር በማውዝ ይዞ ቶሎ እንዲወርድ አደረገው። ቁልፉን ሲነካው መጀመሪያ ላይ ጥፍር ክሩን እንደነካ ሹል አለ፣ ወዲያው ለዘበ። ከዚያ የጣቱን ኃይል እንዲሰማ አደረገው፤ ጠንከር ሲል ይሾላል፣ ቀስ ሲል ይለሰልሳል። በባቲ ቅኝት ሁለት ሐረግ ተጫወተበት። እውነተኛ ክራር ነው አልልም። ግን የትም ኪቦርድ ላይ ተዘጋጅቶ የማይገኝ፣ የራሱ የሆነ ድምፅ ነው። በትንሿ ስክሪን ቢሆን ገና መጀመሪያው ላይ ይሰለቸው ነበር።

የትኛው ሶፍትዌር ነው ለሚለኝ፣ ለዲኤክስ7 ዴክስድ ይበቃል። ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ራሱ እንደ ዲኤክስ7 ይጮኻል፣ ድምፅንም ወደ እውነተኛው መሣሪያ ይልካል። ዓይነቱ የበዛ ኪቦርድ ላለው ኤዲሲን አለ። ሾን ሉክ የሚባል የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ነው የሠራው። እሱም ነፃና ክፍት ነው፤ ዊንዶውስ፣ ማክና ሊኑክስ ላይ ይሄዳል። ከዲኤክስ7 ሌላ የካሲዮ ሲዜድንና ሌሎች ብዙ መሣሪያዎችን ያውቃል። ሁለት ድምፆችን አዳቅሎ ሦስተኛ የማውጣት ችሎታም አለው፤ እኔ ይህን በጣም እወድለታለሁ። ማስተካከሉ ይቅርብኝ፣ ድምፁን ማውጣትና ማስቀመጥ ብቻ ነው የምፈልገው ለሚል ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ሚዲ-ኦክስ፣ ማክ ላይ ሲስኤክስ ላይብራሪያን አሉ።

የሚሸጡም አሉ። ሚዲ ኩዌስት በጣም ብዙ መሣሪያ ያውቃል፤ ጥሩ ነው ይባልለታል። ነገር ግን እዚህ አገር ሆኖ ከውጭ ሶፍትዌር በካርድ መግዛት ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዋናው ምክንያቴ ግን ገንዘቡ አይደለም። የዚህን ሶፍትዌር ታሪክ ተመልከቱ። በ90ዎቹ ባለሙያው የሚጠቀመው የኦፕኮድን ጋላክሲ ነበር። ኦፕኮድን በ1998 ጊብሰን ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራው ቆመ። የኢማጂክ ሳውንድዳይቨርም ተወዳጅ ነበር። ኢማጂክን በ2002 አፕል ገዛው፤ ሳውንድዳይቨር እዚያው ቀረ። በእነዚህ ላይ ዓመታት ያጠራቀሙ ሰዎች ዛሬ ፋይላቸውን ለመክፈት አሮጌ ኮምፒውተር ያፈላልጋሉ። ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ግን ሠሪው ቢተወው ሌላ ሰው ያነሳዋል። የመረጣችሁት የትኛውም ይሁን፣ ድምፁን በፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ብቻ አታስቀምጡት። በተራ ሲስኤክስ ፋይልም አስቀምጡት። እሱን ማንኛውም ፕሮግራም ያነበዋል።

አሁን ወደሚያስቸኩለው ልምጣ። በእነዚህ ኪቦርዶች ውስጥ ድምፁን የምትይዘው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ ናት። ዲኤክስ7 ውስጥ ከቦርዱ ጋር ተበይዳለች። እሷ ስትሞት ሚሞሪው ይጠፋል። ሳይቀዳ በፊት ባትሪው ቢቀየርም ያው ነው። የፋብሪካው ድምፅ ቢጠፋ ችግር የለም፣ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። የማይገኘው ተጫዋቹ ራሱ የሠራው ነው። በ80ዎቹና በ90ዎቹ ካሴቶቻችን ላይ ኪቦርድ የነፋስ መሣሪያዎችን ቦታ እየወሰደ ሲመጣ፣ ጥቂት ተጫዋቾች ያችን ጠባብ ስክሪን ታግለው የራሳቸውን ድምፅ ሠርተዋል። ለማሲንቆ፣ ለዋሽንት፣ ለሠርግ ዘፈን የሚሆን። ያ ሥራ የተጻፈበት ወረቀት የለም። ያለው እዚያች ሚሞሪ ውስጥ ብቻ ነው። ኪቦርዱ ከነድምፁ ለብረት ሲሸጥ እኔን ያንገበግበኛል።

"ዴክስድ ራሱ የሚጮህ ከሆነ መሣሪያው ምን ያደርጋል?" የሚሉኝ አሉ። ለስቱዲዮ ልክ ናቸው። መድረክ ላይ ግን ማብሪያውን ስትጫኑት ወዲያው የሚነሳ ኪቦርድ የሚሰጠው እርግጠኝነት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ድምፅም ትንሽ ሻካራ ነው። ብዙዎች የሚወዱት ያንን ነው።

ለመጀመር ያ ኪቦርድና ላፕቶፕ፣ ከዚያ ላይ የዩኤስቢ ሚዲ ገመድ ያስፈልጋል። በገመዱ አትሰስቱ። በጣም ርካሾቹ የተነካውን ቁልፍ በደንብ ያስተላልፋሉ፣ ረጅም ሲስኤክስ ሲመጣባቸው ግን መሃል ላይ ይቆርጡታል። ብዙ ሰው ኪቦርዱ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ዲኤክስ7 ላይ ደግሞ ሁለት ነገር መክፈት ያስፈልጋል። አንደኛው ፈንክሽን በሚለው ቁልፍ ስር 8 ቁጥር ላይ ያለው የሲስተም መረጃ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው፣ ድምፅ ወደ ኪቦርዱ መመለስ ሲፈለግ፣ የሚሞሪ ጥበቃውን ማንሳት ነው። ከ1983 በፊት የተሠሩትን፣ ለምሳሌ ሮላንድ ጁኖ-60ን፣ በዚህ መንገድ አትሞክሩ። ሚዲ የላቸውም።

የሐዋሳ ባንዶችና በየአጥቢያው መዘምራን ጋ ያሉ ልጆች ይህን ሥራ ቢጀምሩት ደስ ይለኛል። ላፕቶፕ ያለው ልጅና ኪቦርድ ያላቸው ጋሼ ቢገናኙ አንድ ከሰዓት ይበቃል። አንድ ነገር ግን አደራ። ዲኤክስ7 ለድምፅ ስም የሚሰጠው አሥር የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ የሠሪው ስም አይገባበትም። ስለዚህ ከፋይሉ ጎን አንድ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጡ። ድምፁን ማን ሠራው፣ ለየትኛው ዘፈን፣ በየትኛው ባንድ ሆኖ። ይህንን ሊነግሯችሁ የሚችሉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ገመዱ ተሰክቶ ሳለ ጠይቋቸው።