ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን!

ባለፈው እሁድ የአምስተኛ ክፍል ልጄን የሂሳብ ደብተር ገለጥኩ። ከላይ ቀኑ አለ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በማስመሪያ ተሰምሮበት፣ «ርዕስ፦ ክፍልፋዮችን መደመር» ይላል። ከዚያ በታች ባዶ። ቀጣዩ ገጽም ያው ነው። ቀን፣ ርዕስ፣ ባዶ።

«ቲቸር አልመጡም ነበር እንዴ?»

«መጥተዋል።»

«ታዲያ ምን አስተማሯችሁ?»

«ስለ መደመር።»

እኔ የዋሁ የቁጥሩን መስሎኝ «ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?» አልኩት። «ሁለት አምስተኛ» ብሎኝ ቁጭ። ለካ እሱ የሚያወራው ስለ ሌላኛው መደመር ነው። ያንን እንደ ውሃ ጠጥቶታል።

ታዲያ ይህን መምህር አለማመስገን ነውር አይሆንም? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ልጄ እንደሚለው 30ው ለሀገር ጉዳይ ይውላል። አምስቱ ስም መጥሪያ ነው። የቀረው አምስት ሰሌዳ ማጥፊያ ነው አሉ። ምን ተጽፎበት እንደሚጠፋ ግን አልገባኝም።

ልምዳቸውም ቀላል አይደለም። ትልቋን ልጄንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በእሷ ጊዜ ትምህርቱ አብዮታዊ ዴሞክራሲና አንድ ለአምስት ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድ ለአምስቱ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሬሾ ነው። ከአዳማ ዳር ኮረብታው ላይ የተተከሉትን የነፋስ ተርባይኖች አይታችኋል? የመጀመሪያው ዙር 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ነው። ፊታቸውን ነፋሱ ወደመጣበት እያዞሩ ኃይል ያመነጫሉ። የእኛ ቲቸርም ስንት ጊዜ ዞሩ! ግን አንድ አምፖል እንኳን ሲበራ አላየሁም።

መምህራኑ ሁሉ አንድ ወገን እንዳይመስሏችሁ። የእንግሊዝኛዋ መምህርት ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሀገሪቱ በልጽጋለች። አራተኛው ላይ ፈርሳለች። በመሀል እረፍት እንኳን የለም። ልጄ ግን አልተወናበደም። ፈተና ሲሰጠው መጀመሪያ ጥያቄውን ማን እንዳወጣው ያጣራል። ከዚያ ይመልሳል። በአሥራ አንድ ዓመቱ እንዲህ ያለ ዲፕሎማት የት ይገኛል?

የአካባቢ ሳይንሱ መምህር ውለታ ደግሞ ለብቻው ነው። ከተማችን በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተባለች፤ በ1992 በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰች። ይህን ማስተማር የአባት ነው። ሰውየው ግን ትንሽ አለፍ ብለው «ቤታችሁ ናዝሬት የሚል ማን አለ?» ብለው እጅ አስወጡ። የእኔ ልጅ ቀድሞ አወጣ። «አያቴ!»

እናቴ እንግዲህ ሰባ ዓመት አልፏታል። የምትከታተለው ፖለቲካ የሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው። አፏ የለመደውን ትጠራለች። ልጁ ማታ መጥቶ ፊቷ ቆመና መረመራት።

«እማማ፣ አንቺ የማን ደጋፊ ነሽ?»

«የጊዮርጊስ» አለችው መቁጠሪያዋን ሳትለቅ።

ኳሱ መስሎት ተገላገለ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽእኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ሕገ መንግሥት የጸደቀው ህዳር 29 ቀን 1987 ነው። ትምህርት ቤታችን ቀኑን አይረሳም። በየዓመቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ብለን ልጆቹ ባህላዊ ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ልምምዱ ሳምንት ይፈጃል፤ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ። አንቀጽ 90ም አብሮ የሚጨፍር ይመስለኛል።

አንድ ቀን ደፍሬ ይህንኑ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት ስብሰባ ላይ አነሳሁ። ሰብሳቢው በትህትና መለሱልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። እባካችሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ፖለቲካ አናስገባ።» ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ብቻዬን እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ምን ሊመስል ነው?

መምህር መሆን ከባድ እንደሆነ አላጣሁትም። ደመወዙ ወር አጋማሽ ላይ እንደሚያልቅ ከሱቁ ዱቤ መዝገብ ይታያል። በ2014 የተሾሙት የትምህርት ሚኒስትር ራሳቸው ሲሾሙ የፓርቲ መሪ ነበሩ፤ ቲቸር ከማን ያንሳሉ? በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ፈተናው ከተማሩት አልወጣማ! የዜና ትንታኔ ቢጠየቁ ኖሮ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይገቡ ነበር።

ለማንኛውም ያን እሁድ ክፍልፋዩን ራሴ ላስተምር ወሰንኩ። ድፎ ዳቦ ቀረበ፣ ቢላዋ መጣ። «እየው፣ ይሄ ግማሽ ነው። ይሄኛውን ደግሞ ሲሶ...» ስል ስልኬ ጮኸ። ዜና ነው። «አይ፣ ይሄማ አይሆንም!» አልኩ። ለምን እንደማይሆን ማስረዳት ነበረብኝ። እሱን ለማስረዳት ከ1966 መነሳት ግድ ሆነ። ደርግን አልፌ ወደ ሽግግሩ ስሻገር ቀና ብዬ አየሁ። ቡናው በርዷል። ዳቦው ግማሹ ተበልቷል፤ ሲሶው አልተቆረጠም።

ልጄ ቀኑን ጽፏል። ርዕሱን በቀይ ጽፎ አስምሮበታል። እስክሪብቶውን እንደያዘ ዝም ብሎ ያየኛል።

«አባዬ፣ ተደወለ?» አለኝ።