ሞላና ይሉኝታ

የመኪናዬን ኋላ ከፍ ባስደረግሁ ማግስት አንድ ጎረቤቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመኪናዋ ዙሪያ ሲዞር ቆየና፣ «እሰይ! አሁንማ ቀና ብላለች፤ ለቅዳሜው ጤፍ ሦስት ኩንታል ያለ ችግር ትችላለች» አለኝ። እንደ ሰው ወግ «እንኳን ቀና አለችልህ» የሚል ምርቃት ስጠብቅ የጭነት ትእዛዝ ደረሰኝ። ቀልድ ቢሆን ኖሮ አብሬው እስቅ ነበር፤ ሰውየው ግን አልቀለደም። ከኋላ ጎማው በላይ ያለውን ክፍተት በጣቶቹ እየለካ፣ በዚያ ክፍተት ውስጥ ስንት ኩንታል እንደሚገባ በልቡ ያሰላ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት አለብኝ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፤ ባዶዋን አንድ ቶን የማትሞላ፣ ለከተማ መንገድ የታሰበች ትንሽ መኪና። የኋላ ክብደቷን የሚሸከሙት ሁለት ሞላዎች፣ ማለትም ተጠምዝዘው የተሠሩ ብረቶች ናቸው። እነዚህ ሲደክሙ መኪናዋ ትቀመጣለች። ስትቀመጥ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይቀናል፤ በየኮንዶሚኒየሙ በር ላይ እንደ መቃብር የተከመረው የፍጥነት መቀነሻ የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ይፈገፍገዋል፤ ማታ ደግሞ መብራቷ ወደ ላይ ስለሚወረወር ከፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ረጅም መብራት ያበራሁበት መስሎት መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይሰድበኛል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ወንድሜ፣ አጭሩ ነው፤ የሞላ ችግር ነው» እያልኩ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ስለማልችል ስድቡን ተቀብዬ አልፍ ነበር።

በዚያ ሁሉ ጊዜ «መኪናህ ኋላዋ ተቀምጧል» ያላለኝ ሰው አልነበረም። የመኪና ማቆሚያው ሠራተኛ ነግሮኛል፤ ጎሚስታው ነግሮኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የማላውቃቸው አዛውንት በመቋሚያቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ ይህች ነገር ጤና የላትም» ብለውኛል። ከሁሉም የሚያናድደው ግን በዕለቱ ከኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነው ተጣበው የመጡት፣ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ያለውን ዕቃቸውን አውርደው ከጨረሱ በኋላ ዞር ብለው ያዩዋትና በሐዘኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይህችን መኪና እኮ ማሳየት አለብህ» የሚሉኝ ናቸው። ማሳየትስ አሳይቻለሁ፤ እናንተን ነው ያላሳየሁት።

ባሳየሁበት ጋራዥ ላይ ደግሞ የራሴ ቂም አለኝ። ባለሙያው መኪናዋን በሁለት እጁ ወደ ታች ጫን ጫን አድርጎ «አሞርዛተሯ ሞቷል» ሲል ፈረደ፤ ሁለቱንም በአዲስ ቀየረ፤ ሂሳቡን ተቀበለ፤ መኪናዋም እንደተቀመጠች ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም የምሰብከው አንድ ትምህርት አለኝ፦ በተራ መኪና ላይ አሞርዛተር ክብደት አይሸከምም። ሥራው ሞላው ተጨምቆ ሲለቀቅ የሚያመጣውን መወዛወዝ ማብረድ ብቻ ነው። ሁለቱም ተፈትተው ቢጣሉ መኪናዋ ይህን ያህል ዝቅ አትልም፤ ጉብታ ባለፈች ቁጥር ግን እስክስታዋን ሳትጨርስ አትቆምም። ይህን መለየት ለመካኒክ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት መሆን ነበረበት። ነገር ግን አሞርዛተር ሲደክም ይጮኻል፣ ዘይትም ያፈስሳል፤ ሞላ ግን ዝም ብሎ ይጎብጣል። ስለዚህ ሸክሙን የተሸከመው ዝም ባለ ቁጥር የሚለወጠው የጮኸው ነው፤ በመሥሪያ ቤቶቻችንም ያየሁት ሥርዓት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ይሁን፣ ይህን ለሌላ ቀን ልተወው።

የሞላን ጠባይ በሕግ መልክ ያስቀመጠው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። በ1678 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ሞላ የሚለጠጠው ወይም የሚጨመቀው በተጫነበት ኃይል ልክ ነው፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን መጨመቁም እጥፍ ይሆናል፤ ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሕጉ ግን ወሰን አለው። ከወሰኑ ያለፈ ጭነት የተጫነበት፣ ወይም ለዓመታት ፋታ ሳያገኝ የተጨመቀ ብረት የቀድሞ ቁመቱን አያገኝም። ሁክ «ጭነቱ ሲነሣለት» የሚለውን ነገር እንደ ቀላል ማሰቡን ስመለከት ስለ እድር የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ይገባኛል። ከእኔ መኪና ላይ ጭነት የሚነሣው ሌላ ጭነት ለመጫን ነው።

ጃፓኖች የመኪናን ጠቅላላ ክብደት ሲያሰሉ አንድን ተሳፋሪ 55 ኪሎ ብለው ይይዙታል። አምስት ሰው እንግዲህ 275 ኪሎ መሆኑ ነው። ከሠርግ እስከ ለቅሶ በፊት ወንበሬ ላይ ለመቀመጥ ማንም የማይቀድማቸው አንድ አክስቴ፣ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ ብቻቸውን የሁለት ጃፓናዊ ድርሻ ይወስዳሉ። ከኋላ አራት ጎልማሳ ሲጨመር፣ ኮፈኑ ውስጥ ሁለት ኩንታል ማለትም 200 ኪሎ የአዳ ጤፍ ሲገባ፣ በጤፉ ላይ ደግሞ «ይህችማ ምንም አትመዝን» ተብላ አንድ ጀሪካን ዘይት ስትቀመጥ፣ የጃፓኑ ስሌት ገና ከቢሾፍቱ ሳንወጣ አልቋል። ቦሌ እንግዳ ለመቀበል ስንሄድም እንዲሁ ነው። አየር መንገዱ ዘመዳችን ከዋሽንግተን ሲነሣ ሻንጣውን በሚዛን ላይ አስቀምጦ «ከ23 ኪሎ አልፏል፤ ይቀነስ» ሲለው ያለ ቅሬታ ጎንበስ ብሎ ጫማዎቹን ያወጣል። እኔ ግን ሁለቱን ሻንጣዎችና ሊቀበለው የወጣውን ቤተሰብ በሙሉ አንድ ላይ ስጭን «ከልክ አልፏል» ብል፣ ነገሩ ኪሎ መሆኑ ይቀርና የጸባይ ጉዳይ ይሆናል። «አሜሪካ ሳይሄድ ፈረንጅ ሆነ» እባላለሁ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። አሁንም እወደዋለሁ። በእድር ስብሰባ ላይ ይህን ተረት ሳይጠቅስ ንግግሩን የጨረሰ ሰው አላየሁም፤ ሲጠቀስም የሁላችንም ዓይን እንባ ያቀርራል። የተረቱ ባለቤት ግን መኪና እንዳልነበረው እምላለሁ። መኪና ቢኖረው ኖሮ ሃምሳዎቹ ሰዎች እያንዳንዳቸው ሎሚያቸውን ይዘው የመኪናውን ኮፈን ሲከፍቱ ያይ ነበር፤ «እግረ መንገድህን ይህችን አድርስልኝ» ሲሉት ይሰማ ነበር፤ ሃምሳዎቹ ባዶ እጃቸውን እያወዛወዙ ሲያጌጡ፣ አንዱ ደግሞ ከነሎሚው ጉብታ ላይ ማርሚታውን ሲፈገፈግ ይታየው ነበር። የእድሩ የድንኳን ብረቶች፣ የክርስትና ድስቶች፣ የጎረቤት ልጅ ፍራሽ ጭምር የተጓዙት በዚሁ ተረት ጥላ ሥር ነው።

ይባስ ብሎ ሦስት ኩንታል ያዘዘኝ ጎረቤቴ እኮ የራሱ ፒክአፕ አለው! ከኋላዋ ባሌስትራ ያላት፣ ብረቱ በብረት ላይ ተደራርቦ የታሰረላት፣ ለጭነት ብቻ የተፈጠረች መኪና ናት። ዓመቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ የምትንቀሳቀሰው ለዓመታዊ ምርመራ ነው ብል ማጋነኔ አይደለም። ስለ እርሷ የጠየቀው ሰው ሲኖር መልሱ አንድ ነው፦ «እርሷማ ነዳጅ ትበላለች።» የእኔዋ ምን የምትበላ ይመስለዋል? ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ጠይቄው አላውቅም፤ ሰውየው የእድራችን ሰብሳቢ ነው፤ እኔም አንድ ቀን መሞቴ አይቀርም።

ወደ ሞላው ልመለስ። ሁለተኛው መካኒክ ጸጥተኛ ወጣት ነው። ብዙ አላወራም፤ ቁጢጥ አለና ግራሶ የጠጣ መዳፉን በጎማውና በመኪናው ጠርዝ መካከል አግድም አስገባ። «ከፊት አራት ጣት ይገባል ጋሼ፤ ከኋላ ሁለት ጣት አይሞላም» አለኝ። ቀጥሎ በሜትር ከጎማው መሃል እስከ ጠርዙ ድረስ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለካ፤ በሾፌሩ በኩል ያለው ይበልጥ ወርዷል። ሁለት ዓይነት መፍትሔ አቀረበልኝ። አንደኛው በሞላው ጥምዝ መካከል እየተጠመዘዘ የሚሰካ ጠንካራ ጎማ ነው፤ ምንም ሳይፈታ ይገባል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ጎማው የገባበት ጥምዝ መሥራት ስለሚያቆም የቀሩት ጥምዞች የእርሱንም ድርሻ ይሠራሉ፤ ሞላው ይደርቃል፤ ጎማው የነካበት ቦታ ቀለሙ ይላጣል፣ ውኃና አቧራ ይይዛል፣ ይዝጋል፣ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይሰበራል። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ «አብዛኛው ሰው ግን ይህን ነው የሚያስገባው» አለ።

ሁለተኛው ከሞላው ጫፍ የሚቀመጥ ወፍራም ቀለበት ነው። በቪትዝ ላይ ሥራው አያስቸግርም፤ የኋላ ሞላዋና አሞርዛተሯ ለየብቻ ስለሆኑ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ከሥሯ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግላታል፤ የአሞርዛተሩ የታችኛው ብሎን ሲፈታ የኋላ እግሯ ዝቅ ይላል፤ ሞላው በእጅ ይወጣል፤ ቀለበቱ ይገባና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። የፍሬን ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩ ዓይንን አለመንቀል ብቻ ነው። የእኔን የዛገ ሞላ አውጥቶ ሲያየው ጫፉ ላይ ያለው ጥምዝ ተበልቶ እንደ ምላጭ ስሎ ነበር።

ቀለበቱ የሚሰጠው ቁመት ነው። ይህን መካኒኩ አስረግጦ ነግሮኛል፤ እኔም ለጎረቤቴ ነግሬዋለሁ። ሞላው ያው የደከመው ሞላ ነው፤ በአንድ ኩንታል ድሮ የሚወርደውን ያህል አሁንም ይወርዳል፤ ልዩነቱ ከፍ ካለ ቦታ ተነሥቶ መውረዱ ነው። እንዲያውም አሞርዛተሩ ገና ከመነሻው ስለተሳበ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ የሚዘረጋበት ቦታ ያንሰዋል፤ ጉብታውን አልፈን ስንወርድ «ጓ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መብራቱም ቢሆን ተቀምጣ ሳለች የሾፌሮቹ ስድብ በመጨረሻ ሲበዛብኝ ወደ ታች አስደርጌው ስለነበር አሁን እንደገና እስኪስተካከል ድረስ የሚያበራው ከፓራውልቱ ፊት ያለውን አስፋልት ብቻ ነው። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳምጦ «ዋናው ቀና ማለቷ ነው» አለኝ።

ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱንም ሞላ በአንድ ጊዜ በአዲስ መለወጥ ነው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞላ እንደ ልብ ይገኛል፤ ግን ያገለገለው የሌላ ሰው እድር ያጎበጠው ነው፤ የሰው ዘመድ ወርዶለት የእኔ ዘመድ እስኪሳፈርበት ይጠብቃል። አዲሱ ደግሞ ዋጋው በየሳምንቱ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንደ እኔዋ ያለችው አሮጊት ከዕድሜዋ በላይ ክብር አግኝታለች፤ የመለዋወጫ ነጋዴውም ይህን ክብር ከእኔ ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ቀለበቱ ለጊዜው በቂ ነው ብዬ ወስኛለሁ።

አሁን የቸገረኝ ቅዳሜ ነው። ቀድሞ ሰው ዕቃ ይዞ ሲመጣ አፌን መክፈት አያስፈልገኝም ነበር፤ ወደ መኪናዋ ኋላ በአገጬ ሳመለክት የሚገባው ሰው ይገባውና «አይ፣ እርሷማ ደክማለች፤ ታክሲ ልያዝ» ይል ነበር። ሁሉም ባይገባውም የተወሰነው ይገባው ነበር። ያለኝ ብቸኛ «እምቢ» እርሱ ነበር፤ ገንዘብ ከፍዬ አስነሣሁት። ደክማለች እንዳልል ቀና ብላ ቆማለች፤ አይሆንም እንዳልል የእድሩ ሰብሳቢ ነው። ለመካኒኩ ስልክ ደውዬ፣ ቀለበቶቹን አውጥቶ እስከ ቅዳሜ እንደ ድሮዋ ቢያስቀምጥልኝ ስንት እንደሚጠይቀኝ ብጠይቀው፣ «ለማስገባት የከፈሉትን ያህል ነው ጋሼ» አለኝ። ብሩን እያፈላለግሁ ነው።