ድስቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ወለሉን አሳዩኝ

አነስተኛ የቢራ መጥመቂያ ሊከፍት የተነሳ ሰው ቀድሞ የሚያሳያችሁ ፎቶ የመፍያ ድስቱን ነው። የሚያብረቀርቅ፣ አንዳንዴም መዳብ የለበሰ፣ ደንበኛ በመስታወት እንዲያየው የታሰበ ድስት። አጠገቡ ደግሞ የማይጠፋ መካሪ አለ፦ «አቅምህ የፈቀደውን ትልቁን ግዛ፣ ማደግህ አይቀርም» የሚል። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ብዙ ገንዘብ ያለሥራ የሚያስቀምጥ ምክር ነው።

አንድ ጠመቃ ድስቱን የሚይዘው ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ብቅሉ በ65 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ውሃ ይዘፈዘፋል። ጣፋጩ ፈሳሽ፣ ጠማቂዎች ዎርት የሚሉት፣ ይጠለላል። ሆፕ ከሚባለው መራራ አበባ ጋር 1 ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ይፈላል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የፈርመንተሩ፣ ቢራው ከእርሾ ጋር የሚብላላበት ታንክ፣ ነው። ኤል የሚባለው ቢራ እዚያ 2 ሳምንት ያህል ይቀመጣል። በቀዝቃዛ የሚብላላው ላገር ከሆነ ወር መጠበቅ ብርቅ አይደለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 1000 ሊትር የሚይዝ ድስትና ሁለት 1000 ሊትር ፈርመንተሮች ገዛችሁ እንበል። እያንዳንዱ ፈርመንተር በ2 ሳምንት አንዴ ይለቃል። ስለዚህ የምትጠምቁት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ድስቱ 6 ቀን ቆሞ ይውላል። አሁን ድስቱን ወደ 500 ሊትር አውርዱት፣ በተረፈው ገንዘብ ላይ ጨምራችሁ ፈርመንተሮቹን አራት አድርጓቸው። ትንሽ ድስት ይዛችሁ የምታወጡት ቢራ እጥፍ ሆነ።

ይሄ ነገር ዋጋ አያስከፍልም አልልም። አንዱን ፈርመንተር ለመሙላት ሁለቴ መጥመቅ አለባችሁ፣ ቢቻል በዚያው ቀን። ቀኑ ይረዝማል፣ ወገብም ያማል። ቢሆንም ድካሙ ሽያጭ ሲኖር ብቻ የሚመጣ ነው፤ ሥራ ፈት ድስት ግን ሽያጭ ኖረም አልኖረም ገንዘባችሁን ይዞ ተቀምጧል። ፈርመንተር ስትገዙ ደግሞ ሻጩ የሚነግራችሁ ሊትር እስከ አፉ ነው ወይስ የሚሠራበት? አረፋው የሚነሳበት ከ20 እስከ 25 በመቶ ባዶ ቦታ ከላይ ካልተረፈ እርሾው በቱቦው ወጥቶ ወለል ላይ ታገኙታላችሁ።

እኔ ቢጨመርበት የማይቆጨኝ ገንዘብ የማቀዝቀዣው ነው። የፈላው ዎርት እርሾ ከመግባቱ በፊት ለኤል ወደ 20 ዲግሪ፣ ለላገር ወደ 10 ዲግሪ መውረድ አለበት፣ በፍጥነት። ይህን የሚሠራው ሙቀት መለዋወጫው፣ ትኩሱ ዎርት ሙቀቱን ለቀዝቃዛ ውሃ የሚሰጥበት ዕቃ፣ ነው። የቧንቧ ውሃችሁ ራሱ 25 ዲግሪ ከሆነ ግን በውሃ ብቻ 20 አትደርሱም፤ ግላይኮል በሚባል በረዶ በማይሠራ ፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ሁለተኛ ክፍል ያስፈልጋል። ከመለዋወጫው ሞቆ የሚወጣውን ውሃ አትድፉት። ለሚቀጥለው ጠመቃ የሚያስቀምጥ ታንክ ይኑራችሁ።

ከዚያ እርሾው ሥራ ሲጀምር ራሱ ሙቀት ያወጣል። ቢራው ሲደርስ ደግሞ ወደ 0 ዲግሪ ተጠግቶ መጥራት አለበት። 1000 ሊትር ከ20 ዲግሪ ወደ 0 አካባቢ ማውረድ 23 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት መቅዳት ማለት ነው። አንዱን ታንክ በ24 ሰዓት ማቀዝቀዝ ቀላል ነው። ጣጣው ሁለቱ ሲቀዘቅዙ ሌሎቹ ሁለቱ እየተብላሉ ከሆነ ነው፣ ያውም በሞቃት ቀን። ቺለሩን፣ ማለትም ግላይኮሉን የሚያቀዘቅዘውን ማሽን፣ ለዚያ ቀን ለኩት።

ወደ ወለሉ ልምጣ። የጠማቂ አብዛኛው ቀን ማጠብ ነው። ለ1 ሊትር ቢራ ከ5 ሊትር በላይ ውሃ መጠቀም በትንሽ መጥመቂያ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውም ፍሳሽ ሆኖ ይሄዳል። ወለሉ ወደ መውረጃው ካላዘነበለ፣ ኮስቲክ የሚባለው ኃይለኛ ማጠቢያ ኬሚካልና አሲድ የማይበላው ካልሆነ፣ ውሃ ስትገፉ ትውላላችሁ። ማሽን በኋላ መቀየር ይቻላል። ታንክ የቆመበትን ወለል ግን ማን ይቆፍራል?

በማጠብ ላይ አንድ አደጋ አለ። ታንክ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ተዘግቶ ቀዝቃዛ ሲረጭበት ውስጡ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ተለውጦ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ታንኩም እንደ ተጨመቀ ጣሳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ታንክ ውስጥ ኮስቲክ ማስገባትም ያንኑ ያደርጋል፣ ኮስቲኩ ጋዙን ይመጠዋልና። ስለዚህ የግፊት ማስተንፈሻ ብቻ ሳይሆን አየር ወደ ውስጥ የሚያስገባ የቫኪዩም ቫልቭም እንዳለው ጠይቁ። ርካሽ ታንክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው።

የቀረውን ባጭሩ። 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፣ ክሎሪን ካላበዛችሁበት። የቱቦ መያዣዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት መስመራችሁን አስፈትሹ፤ 1000 ሊትር ከ65 ዲግሪ በ1 ሰዓት ውስጥ ለማፍላት ከ40 ኪሎዋት በላይ ይጠይቃል።

ከማዘዛችሁ በፊት ጠመኔ ያዙና ታንኮቹን ባዶው ወለል ላይ ሣሏቸው። ቱቦ እየጎተታችሁ በመሃላቸው እለፉ። 200 ኪሎ እርጥብ የብቅል አተላ በየት በር እንደሚወጣ አስቡ። ካላለፈ መስመሩን አጥፍታችሁ እንደገና ሣሉ፤ ጠመኔ ርካሽ ነው።