ፋይሉ ከኮንቴይነሩ ውጭ ይቀመጥ
ነባር ሶፍትዌርን ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ ሰርቨር) ማዛወር ሰርቨር ከመቀየር እንደማይለይ የሚገልጽ ጽሑፍ አነበብኩ፤ የጸሐፊውን ሐሳብ በአክብሮት አልቀበለውም። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በምንሠራበት ቢሮ የደንበኞች የደረሰኝ ፎቶ በኮንቴይነሩ (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽጎ በሚሠራበት ጥቅል) የራሱ ዲስክ ላይ ይቀመጥ ስለነበር፣ አዲሱን ቨርዥን በጫንን ማግስት የሒሳብ ሠራተኛችን የሳምንቱን ደረሰኝ በሙሉ ፈልጋ አጣች፤ ኮንቴይነር በሌላ ሲተካ በውስጡ የተጻፈው አብሮት ይጠፋል። አሁን ፋይሉን ኦብጀክት ስቶሬጅ (ከኮንቴይነሩ ተለይቶ ፋይል የሚያስቀምጥ የክላውድ ማከማቻ) ላይ እናስቀምጣለን። ሌላው ልዩነት ኔትወርኩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተውን የአማዞን የኬፕታውን የክላውድ ማዕከል ብንጠቀምም የኢንተርኔት መስመር መቆራረጡ አይቀርምና፣ እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ የደንበኛው ስልክ መልስ ሳይደርሰው ቀርቶ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ቢልክ ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ ከደንበኛው ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ አይቆርጥም። ይህ ደግሞ ገና ከንድፉ ካልታሰበበት በኋላ ለመጨመር እጅግ አድካሚ ነው።