ቀሚሱን ተዉትና ሥራውን አሳዩኝ

ዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የፕሬዚዳንት ሚስቶች ቀሚስ የሚታይበት ክፍል አለ። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር እዚያ እወስዳለሁ፤ ሁሉም ፎቶ የሚነሳው ቀሚሱ ጋ ነው። ያበሽቀኛል!

እነዚህ ሴቶች እኮ ደሞዝ የሌለው ከባድ ሥራ ሠርተዋል። ኤሊኖር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1933 ለሴት ጋዜጠኞች ብቻ መግለጫ መስጠት ጀመሩ፤ ዜናው እንዳያመልጣቸው የፈለጉ ጋዜጦች ሴት ዘጋቢ መያዝ ግድ ሆነባቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ዓለም አቀፉን የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ያረቀቀውን የተመድ ኮሚሽን መሩ። ሮዛሊን ካርተር ካቢኔ ስብሰባ ገብተው ማስታወሻ ስለያዙ ብቻ ምን ቤት ነሽ ተባሉ። ሂላሪ ክሊንተን በ1993 የጤና ማሻሻያውን ሲመሩም ያው ነው። ጂል ባይደን ግን ኋይት ሀውስ እየኖሩ ኮሌጅ ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ ደሞዛቸውንም ተቀበሉ። እሰይ!

እኔን የሚከነክነኝ የኤዲት ዊልሰን ነገር ነው። በ1919 ባላቸውን ፕሬዚዳንት ውድሮ ዊልሰንን ስትሮክ ሲጥላቸው፣ ማን ገብቶ ያናግራቸው፣ የትኛው ወረቀት ይድረሳቸው የሚለውን እሳቸው ይወስኑ ነበር። ማንም አልመረጣቸውም። ፕሬዚዳንቱ ግን ዘመናቸውን ጨርሰው ነው በ1921 የወጡት።

የኛዋን እቴጌ አስቡ እንግዲህ። ጣይቱ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 አልቀበልም ያሉ፣ ዓድዋ የዘመቱ፣ መቀሌ ላይ የጠላትን ውሃ ያስያዙ ሴት ናቸው። ምኒልክ ታመው ሲተኙ መሾም መሻር ያዙ። ከዚያስ? መኳንንቱ መክረው በ1902 ዓ.ም ከሥልጣን ገለል አደረጓቸው። በእርግጥ እሳቸውም የራሳቸውን ወገን ይሾሙ ነበር፣ ይሄን አልክድም። ግን ወንዶቹ መኳንንት ዘመድ አይሾሙም ነበር እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ተመልከቱ። በደርግ 17 ዓመት ስለ መንግሥቱ ኃይለማርያም ባለቤት ስለ ውባንቺ ቢሻው ምን ሰማን? ምንም ማለት ይቻላል። እዚህ የፕሬዚዳንት ሚስት ደብዳቤ ሳይቀር በፕሬዚዳንቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል፣ ተማሪ ሄዶ ያነበዋል፣ ይተቻል። የኛዎቹ ወረቀት የት ነው የሚቀመጠው? ዛሬ የቀዳማዊት እመቤት ጽሕፈት ቤት አለን፤ በየክልሉ ትምህርት ቤት አሠርቷል። ደስ ይላል። ታዲያ ስንት ብር ወጣ፣ ማን ሰጠ፣ ማን ወሰነ የሚለው ተጽፎ ለሕዝብ ይቀመጥልን። ምረቃውንና የለበሱትን በቴሌቪዥን አይተናል፤ ሰነዱን ነው የምፈልገው።