ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር የቀጠሮ መዝገብ

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ውፍረትዎን ይመለከታል

እንደምን ሰነበቱ? እኛማ እንደሚያዩን ነን። እርስዎ ግን ተመስገን ነው፣ ፋፍተዋል። ጀርባዎ በፕላስተር ተጠግኖ እንኳ አዲስ ስም ሲመጣ እምቢ አይሉም።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ባለችው የንግግር ሕክምና ክፍላችን፣ ባልደረባዬ ከለቀቀች ወዲህ ወንበሯን የወረሱት እርስዎ ነዎት። ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ አመልካች ጠፋ። ሙያውን የተማረ ሰው በአገሩ ጥቂት ነው፤ ያም ጥቂቱ ደሞዙን ሲሰማ መሀል ከተማውን ትቶ፣ ታክሲ ቀያይሮ እዚህ ድረስ አይመጣም።

አድልዎ አለማወቅዎ ይደንቀኛል። አፉን ገና ያልፈታ ሕፃን፣ የሚንተባተብ ተማሪ፣ ላንቃው ተሰንጥቆ ተወልዶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልጅ፣ ሁሉም «ከሁለት ወር በኋላ» ነው። ስትሮክ የመታቸው አባትም እንዲሁ። እሳቸው የተቸገሩት በንግግር ብቻ አይደለም፤ መዋጥም ያቅታቸዋል፣ የጠጡት ውሃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እርስዎ ለውሃውም ቀጠሮ ይሰጡታል።

ሕፃኑንማ አያቱ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያሉ ሲያቆዩት ከርመው በመከራ ይዘውት ሲመጡ፣ እርስዎ ከዚያ ላይ ይቀጥላሉ። ከቤተሰብ ጋር እንዲህ ተባብሮ የሚሠራ የት ይገኛል?

ተራው ደርሶ ሲገባስ? ከውጭ በእርዳታ የመጡት የሥዕል ካርዶች የበረዶ ሰው ያሳዩታል። ጠ፣ ጨ፣ ቀ የሚለማመድበት የለም፤ በእንግሊዝኛ ተሠርተው ከየት ያመጡታል! ስለዚህ ማታ ማታ ጠርሙስ፣ ጨውና ቁልፍ የምስለው እኔ ነኝ፣ በልጄ ከለር። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳናግር ውዬ፣ ባለቤቴ «ራት ቀርቧል» ሲለኝ በጭንቅላቴ ነው የምመልስለት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን፣ ማለትም የማያባራ የሥራ ጫና ሰውን አሟጦ ማድከሙን፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሏል። አለቃችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ በሽታ ካልሆነ የሕመም ፈቃድ የለማ! ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ መዛል፣ ሥራው ማስጠላት፣ የሠሩት ሁሉ ከንቱ መምሰል። ሦስቱንም አሟልቼ ባለፈው ሰኔ «ምስጉን ሠራተኛ» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። ፍሬሙን የገዛሁት ራሴ ነኝ።

እናም ክቡርነትዎ፣ ወንበሩን ለሰው ቢለቁልን ምን ይመስልዎታል?

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት አስተዳደር (ለመወያየት ከፈለጉ ከሁለት ወር በኋላ ብቅ ይበሉ)