የታክሲው የቆዳ ክሊኒክ

በአገራችን የቆዳ ሐኪም እጥረት አለ የሚል ሰው ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም። አንዲት ልጅ ክንዷ ላይ ሽፍ ብሎባት እጅጌዋን ትንሽ ሰብሰብ ታድርግ እንጂ፣ ሜክሲኮ ሳትደርስ መላው ተሳፋሪ መርምሯት ትወርዳለች። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ።

ፍጥነታቸው ያስቀናል። አለርት ሆስፒታል ያሉት ስፔሻሊስቶች ችፌን ከጭርት ለመለየት ይጠይቃሉ፣ ያያሉ፣ ሲያስፈልግም ቆዳውን ፋቅ አድርገው ማይክሮስኮፕ ሥር ይከታሉ። የኛዎቹ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን ሰገግ ማድረግ ይበቃቸዋል። «ይሄማ ችፌ ነው የኔ ልጅ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ እሰሪበት።» አለቀ።

ታስሮ ያደረ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ። ለዚህም መልስ አላቸው፦ «በሽታው እየወጣልሽ ነው!» በዚህ ሕክምና ያልተሳካለት ሰው የለም። የተሻለው ድኗል፣ የቆሰለው እየወጣለት ነው።

ሎሚና ጤና አዳም የሚያዙትንም ሳላመሰግን አላልፍም። የሁለቱም ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በነጻ ለታከመ ሰው ማስታወሻ ቢተውለት ምን ይከፋል?

ደግሞስ ምን ያስፈራል? «ተክል ነው፣ ኬሚካል የለበትም።» እንግዲህ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ያያቸው የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በናፍቆት ሞተው ይሆናል።

የሚያሳዝኑኝ ተመራማሪዎቹ ናቸው። እሬቱን ይጨምቃሉ፣ የቱ ክፍሉ እንደሚሠራ ይለያሉ፣ መጠኑን ይለካሉ፣ አይጥ ላይ ይሞክራሉ። ይህን ሁሉ ለፍተው «ተስፋ ሰጪ ነው፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላሉ። ምነው አንድ ቀን ታክሲ በተሳፈሩ! እዚያ መጠኑ «ትንሽ ቆንጠር» ተብሎ ድሮ ተወስኗል።

የዘርፉ ቁንጮ ግን መለያ በሌለው ብልቃጥ የሚሸጠው «ንጹህ የዕፅዋት» ቅባት ነው። ማሳከኩን በሦስት ቀን ድምጥማጡን ያጠፋል ይባልለታል። እንዲህ ያሉ ቅባቶች በተለያዩ አገሮች ላቦራቶሪ ሲገቡ ክሎቤታሶል የተባለው፣ በፋብሪካ የሚሠራ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ተገኝቶባቸዋል። ክሎቤታሶል የሚያፈራ ተክል ያገኙ እነሱ ብቻ ናቸው። ችግኙን ግን ለማንም አይሸጡም።